የሎርዱ ሰባተኛ ቤት

በሀገር ቤት ሰው ለሽምግልና የሚላከው ወይ ዕድሜው ገፍቶ፣ ወይ አንደበቱ ተስሎ፣ ወይም ቢያንስ ጋቢው ነጭ ሆኖ ነው። ሲያትል ውስጥ ግን አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ፤ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና መግዛት። እኔ በዚህኛው በር ነው የገባሁት። ሰው ከአየር ማረፊያ ሆቴል ላመላልስባት የገዛኋት ቫን፣ እኔን ሳታማክር በአርባ አራት ዓመቴ አሸመገለችኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይደወልልኛል፤ "ሽማግሌዎቹን የምታደርስልን አንተ ነህ" እባላለሁ። ካደረስኩ በኋላ መቼም ዝናብ ላይ ቁም አይሉኝም፤ ግባ ይሉኛል። ከገባሁ ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ ስለማያምር፣ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደርጋለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንት ትዳር ያስታረቅሁ ይመስላችኋል? አንድም አላስታረቅሁም። ግን አድርሻለሁ።

በዚህ ሥራዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የዘር ቆጠራው ነው። የአፓርትማ ጎረቤቱን አምስት ዓመት ሙሉ "ሃይ" ብሎ የሚያልፍ፣ ስሙን እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ ሴት ልጁ ላግባ ስትለው የሙሽራውን ቅድመ አያት ካላወቅሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ዘር ከልጓም ይስባል እያለ ያስፈራራችኋል። ቆጠራው መነሻው ደግ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ሳያውቅ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሙሽራው የመንዝ ወይም የጉራጌ ልጅ ሲሆን ነገሩ ይገባኛል። ሙሽራው ዓይኑ ሰማያዊ፣ ስሙ ኮሊን ሲሆንስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደጀኔ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡባት፣ ምክር ደግሞ በነጻ የሚያድሉባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። አንዲት ልጃቸው ቤዛዊት ቤልቪው በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ናት። እዚያው አብሯት የሚሠራ ኮሊን ፌርንዌል የሚባል ልጅ ወደዳት፤ ወደደችው። ኮሊን ወጉን አውቆ ሽማግሌ የሚልክለት ወገን ስለሌለው እናቷ እትዬ አልማዝ በጓሮ በር ሽማግሌ አዘጋጁለት። አያችሁ፣ የሴቷ እናት ራሷ ሽማግሌ መርጣ፣ ወደ ራሷ ቤት አስልካ፣ ከዚያ በሩ ሲንኳኳ "ምነው፣ በደህና ነው?" ብላ የምትደነግጥበት ብቸኛ ስብሰባ ይኼ ነው። ሦስት ሽማግሌ ተባልን። አንዱ ጉንፋን ይዞት ቀረ። የቀረነው አባባ በየነና እኔ ነበርን።

አባባ በየነን ላስተዋውቃችሁ። በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ሥር አገልግለዋል። በር ይከፍቱ ነበር፤ በር ይዘጉ ነበር። ከዚያ የተረፋቸው አንድ ጠባይ ነው፤ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን ያያሉ።

ጋሽ ደጀኔ አዳመጡንና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁን አልጠላሁትም። ትሑት ልጅ ነው። ግን ሰባት ቤቱን ይቁጠር።"

"ደጀኔ፣ ፈረንጅ እኮ ነው" አሉ አባባ በየነ። "ከየት ተገናኝታችሁ ትዛመዳላችሁ?"

"ጠርጥር ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፣ አባባ። ደግሞስ ሰው አባቶቹን ካልቆጠረ በምን ይታመናል?"

ስንመለስ ቫኗ ውስጥ እኔም የራሴን ለመቁጠር ሞከርኩ። ሦስተኛው አያቴ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እግዜር ይወቀው።

ኮሊን ግን ጥያቄውን ስነግረው ፊቱ በራ። "ሰባት ብቻ?" አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት ያረፈች አክስቱ ዕድሜዋን ሙሉ የቤተሰቡን ታሪክ ስትለቅም ኖራ ኖሯል። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ማኅደር ሰጠኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ መኳንንት ሥዕል አለ፤ ከንጉሥ ፊት የቆመ፣ በአምባሳደርነት ሰው ሀገር የዘመተ፣ ሎርድ ኤድመንድ ፌርንዌል የሚባል እንግሊዛዊ። ነጭ ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍቷል፤ አፍንጫው ረጅም ነው፤ የግራ ዓይኑ ቆብ ወደታች ወረድ ብሏል። ሥዕል ሁሉ ሰውን አፍጥጦ ያያል ይባላል። ይኼኛው ግን በየትኛውም በኩል ብታዩት ዓይኑን ከናንተ የሚያሸሽ ነው የሚመስለው። ማኅደሩን ቤቴ ሳሳድር ግልብጥ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነ ጋሽ ደጀኔ ሳሎን ተሰበሰብን። ወሩ ጥር ነው፤ በጥር ሲያትል ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት መብራት ታበራለች። ውጪ ያ ድምፅ የሌለው ዝናብ ይወርዳል። ቤዛዊት ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። እኔ እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ።

ሎርድ ኤድመንድ በወጣትነቱ የተሰጠው ሹመት ንጉሡ ጠዋት ሲለብስ ሸሚዝ ማቀበል ነበር። ቤዛዊት ሳቀች። አባባ በየነ አልሳቁም። "ትልቅ ሹመት ነው" አሉ። "ንጉሥን ራቁቱን ያየ ሰው ይፈራል።" እውነታቸውን ነው፤ ሰውዬው ሸሚዝ እያቀበለ ጉልት አገኘ፣ ማዕረግ አገኘ፣ ሚስት አገኘ። ንጉሥ ሞቶ ሌላ ሲነግሥ፣ የሟቹ ወዳጆች ሁሉ ሲበተኑ፣ እሱ ለአዲሱም ሸሚዝ አቀበለ። በመጨረሻ በሰሜን በኩል፣ ባሕሩ በክረምት በበረዶ ወደሚዘጋበት አንድ ቤተ መንግሥት አምባሳደር ሆኖ ተላከ።

እዚያ ብቸኝነት ሊገድለው ሲል አንድ የሀገሩ ባላባት ወዳጅ ሆነው። ስድስት ዓመት ከባላባቱ ማዕድ በላ። የባላባቱን ልጅ እንደ ልጁ ያይ ነበር ማለት ይቻላል። ባላባቱ ሞቅ ሲለው ንጉሡን ያማ ነበር፤ በገዛ ቤቱ፣ በወዳጁ ፊት፣ ማን የማያማ አለ? ሎርዱ ማታ ማታ ማደሪያው ሲገባ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይጽፍና ወደ ለንደን ይልካል። ከዕለታት አንድ ቀን ለንደን ከሰሜኑ ንጉሥ ጋር ውል መዋዋል ፈለገች። ለውሉ ማሟሻ ደብዳቤዎቹን ለንጉሡ አበረከተች።

ወታደሮቹ የመጡት ባላባቱ ልጁን በሚድርበት ቀን ነው። ከማዕድ ላይ አስነሡት፤ ገና አልጎረሰም ነበር። ሎርዱ ከጎኑ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ጥቁር የለበሰች የባላባቱ እናት ከወንበሯ ተነሥታ፣ ሳትጮህ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ተናገረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እርግማኑን ቃል በቃል የመዘገበው ራሱ ሎርዱ ነው። "ልጄን የልጁን የሰርግ ማዕድ ሳይቀምስ አስነሣኸው። ካንተ የሚወለዱት ሁሉ፣ አባት የልጁን የሰርግ ማዕድ አይብላ፤ እስከ ሰባት ቤት።" ከሥሩ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ "አሮጊቷ ንግግር ታውቃለች። ዓሣው ግን ጨው በዝቶበት ነበር" ይላል።

ይህን ስተረጉም ድምፄ የኔ አልመስልህ አለኝ። እትዬ አልማዝ አማተቡ። አባባ በየነ፣ "የበላበትን ወጪት ሰባሪ" ብለው ወለሉን አዩ።

ሎርዱ ራሱ ምንም ሳይሆን አርጅቶ፣ ተሸልሞ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ከገጹ ግርጌ ትውልዱ ተዘርዝሯል፤ በየስሙ ጎን አክስቲቱ በእርሳስ አጭር አጭር ነገር ጽፋለች። ልጁ ሮበርት፣ የልጁ ሰርግ ዕለት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ከሥሩ እንደገና ሮበርት ፌርንዌል የሚል አለ፤ ጎኑ ላይ ግን ሁለት ጭረት ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ጽፋ፣ ስትነቃ ጭረት አደረገችበት ብዬ ዘለልኩት። ቻርልስ፣ ልጁ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐይቅ ውስጥ ተገኘ። ጆን ወደ አሜሪካ የመጣው ነው፤ ባሕር ያመልጣል ብሎ ይሆናል፤ ልጁ ከማግባቱ በፊት በነበረው እሑድ ዛፍ ወደቀበት። ሄንሪ ትኩሳት ያዘው። የኮሊን አያት ዋልተር ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ቀረ።

ማኅደሩ መጨረሻ የሰርግ ፎቶዎች አሉ። በሁሉም ፎቶ ሙሽራው አለ፣ ሙሽሪት አለች፣ የሙሽራው እናት አለች። ከእናቲቱ ጎን አንድ ባዶ ወንበር አለ። ወንበሩን ለምን እንደሚያስቀምጡት አላውቅም። ፎቶ አንሺው ያነሣልን ብለውት ይሆናል፤ ወይም ማንም ሊነካው አልፈለገም።

ጋሽ ደጀኔ በጣታቸው ቆጠሩ። ቀስ ብለው፣ ከሎርዱ ልጅ ጀምረው። የኮሊን አባት ስድስተኛ ጣት ላይ ዋለ። ኮሊን ሰባተኛ።

"ሶ" አሉ፣ እንግዲህ ለማለት፤ ይቺን ቃል ከደንበኞቻቸው ነው የለመዷት። "ሶ ቤዛ ወንድ ልጅ ብትወልድ፣ ያ ልጅ ሊያገባ ሲል ይኼ ባሏ ይሞታል ማለት ነው። ልጄን መበለት ትሁን ብዬ አልድርም።"

"አባዬ፣ ዲስ ኢዝ ክሬዚ" አለች ቤዛዊት። "ኢትስ አ ስቶሪ። በሰው አያት ሥራ ኮሊን ምን አደረገ?"

"እሱ ምንም አላደረገም። ያደረጉት ናቸው ያደረጉት።"

ቤዛዊት ኮቷን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ወደ ሱቁ ድርሽ አላለችም። እትዬ አልማዝ ሽሮ ሲመዝኑ እንባቸው ጠብ እንደሚል ደንበኞች ነገሩኝ። ጋሽ ደጀኔ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ይመስል ስልኬን አያነሡም። እስከ ዛሬ ሳደርስ የኖርኩት ሰው ነበር፣ ዘንድሮ እርግማን አደረስኩ።

ማኅደሩን ልመልስ ቤልቪው ሄድኩ። ኮሊን የመሥሪያ ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ጠብቆኝ ቫኗ ውስጥ ገባ። ከስቷል። ምን እንደተባለ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ስሞቹንም ቆጠርኩለት።

"አንድ ሰው ዘለህ ነው የቆጠርከው" አለኝ።

"ማንን?"

"ሁለት ሮበርት ናቸው። አባትና ልጅ።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አባት በሕይወት ቁጭ ብሎ፣ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ስም እያለ፣ ለልጁ የራሱን ስም ይሰጣል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ? በኛ ሀገር የአባት ስም እንደሁ ከልጁ ስም ኋላ ተሰልፎ መከተሉ አይቀርም፤ ምን ያስቸኩለዋል? ልጁ ሮበርት ሮበርት ተብሎ ትምህርት ቤት ቢመዘገብ የክፍሉ ልጆች በሳቅ ይገሉት ነበር። ጭረቶቹስ አልኩት። "እንደላይኛው ማለት ነው" አለኝ ኮሊን ወደ መስኮቱ ዞሮ። ልጅዬው ሮበርትም እንደ አባቱ፣ በልጁ ሰርግ ጠዋት፣ ከፈረስ ወድቆ ነው የሞተው።

ቢሆንም ሒሳቡ ሒሳብ ነው፤ ኮሊን ስምንተኛ ሆነ። ስምንተኛው ነጻ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማኅደሩን ሳልመልስ፣ አባባ በየነን ከቤታቸው አንሥቼ ወደ ዋይት ሴንተር በረርኩ። ጋሽ ደጀኔ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ማኅደሩን ከበርበሬው ጆንያ ላይ ዘርግተው፣ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። ስምንት። እትዬ አልማዝ እልል አሉ። ቤዛዊት ተደውሎላት መጣችና አባቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰርጉ ከፍልሰታ ጾም በኋላ፣ ለነሐሴ መጨረሻ ተቆረጠ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ በሽማግሌነት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ያስታረቅሁ መሰለኝ።

ስንመለስ አባባ በየነ አጠገቤ ተቀምጠዋል። መሪዬን የያዙ እጆቼን ያያሉ። ድልድዩን ስንሻገር፣ "አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ስምንተኛው ኮሊን ከሆነ ሰባተኛው ማነው?"

ከመንገድ ወጥቼ ቆምኩ።

"አባቱ አለ?"

"አለ፣ አባባ። ኦበርን ነው የሚኖረው።"

"ቁጥሩ ስድስተኛም ሆነ ሰባተኛ፣ ያ ሰው ከመጀመሪያው ውስጡ ነበር። አንዳችንም አልጠየቅንም። የራሳችን ሰው እስኪያመልጥ ቆጠርንና አቆምን" አሉ። "ቤተ መንግሥትም እንደዚሁ ነበር።" እኔ ያን ሰዓት አፈርኩ። ሰውዬውን አይቼው አላውቅም፤ ግን እልል ሲባል በማን ላይ እልል እንደተባለ ገባኝ።

ለጋሽ ደጀኔ ስንነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ኦበርን ሄድን።

የኮሊን አባት ሚስተር ፊሊፕ በሩን ሲከፍት ወደ ኋላ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ረጅም አፍንጫ። ወረድ ያለ የግራ ዓይን ቆብ። ያ ሎርድ ጠጉሩን አውልቆ፣ ሹራብ ለብሶ፣ ኦበርን ውስጥ ቆሟል። ልዩነቱ ይኼኛው ዓይናችሁን ማየቱ ነው። የዚያ ሁሉ ማዕረግ ፍጻሜ እሱ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰርጉ ፎቶ አለ። እኔ ወንበሩን ላለማየት ስታገል እሱ ቀደመኝ።

"አውቃለሁ" አለ። "እኅቴ ነግራኛለች። ለኮሊን አታንሡበት እንጂ ታምሜያለሁ ብዬ ልቀር ነበር ሐሳቤ። ግን እናቱ የለችም። እኔም ከቀረሁ ሁለት ባዶ ወንበር ሊሆንበት ነው።" አዲስ ሱፍ ገዝቶ ከነላስቲኩ በር ላይ ሰቅሎታል። ልሂድ ልቅር እያለ በየቀኑ እንደሚያየው ያስታውቃል።

ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ደጀኔ በር ላይ የተሰቀለውን ሱፍ አዩ። ሰውዬው ባለ ሱቅ ናቸው፤ ቃል ይመዝናሉ።

"ሴትየዋ ምንድን ነው ያለችው? አይብላ ነው ያለችው። አይምጣ ብላለች? አላለችም። አይቀመጥ ብላለች? አላለችም። ሶ፣ ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ አይብላ።" ወደኔ ዞሩ። "ንገረው። እኛ የዓመቱን እኩሌታ የምንጾም ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን መጾም ምን አላት በለው። ብቻውን እንዳይመስለው እኔም አብሬው እጾማለሁ።"

ጋሽ ደጀኔን የምታውቋቸው ቢሆን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይገባችሁ ነበር። በልጃቸው ሰርግ የሚቆረጠውን ሥጋ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስተር ፊሊፕ ሲተረጎምለት አንገቱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀና እጃቸውን ያዘ። ብዙ ጊዜ ይዞት ቆየ።

አንድ ነገር ብቻ ዘንግተን ነበር። በሐበሻ ሰርግ አለመብላት ቀላል ነው፤ አለመጉረስ ግን አይቻልም። ገበታ ላይ ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው፣ ያውም የሙሽራው አባት፣ ያውም ፈረንጅ፣ አዳራሽ ሙሉ እናቶች እያሉ? ስለዚህ እኔ የሰውዬውን አፍ እንድጠብቅ ተሾምኩ። ሎርዱ ሸሚዝ አቀበለ፤ እኔ ጉርሻ ከለከልኩ። ከኋላው ቆሜ ለአንዷ ስኳር አለበት እላለሁ፤ ለአንዷ ሐኪም ከልክሎታል፤ ለአንዷ ጥርሱን ነቅሎ ነው። የእትዬ አልማዝ ታላቅ እኅት ክትፎ እንደጠቀለሉ እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ፣ "እንዴት ያለህ ምቀኛ ነህ" ብለውኝ ሄዱ። እስካሁን ሰላምታ አይሰጡኝም። ጋሽ ደጀኔ ከሚስተር ፊሊፕ ጎን ባዶ ሳሕን አስቀምጠው የሚቆረጠውን ሥጋ በዓይናቸው ይሸኛሉ። ፀሐይዋ በመስኮቶቹ ገብታ አዳራሹ በርቷል፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ሰው በገባ በወጣ ቁጥር በሩን አያለሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘፈኑ ደመቀና ጋሽ ደጀኔን ጎትተው ለእስክስታ አስነሡአቸው። ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ፣ ቫንህ የኬኩን መኪና መንገድ ዘግታለች አለኝ። ሮጥኩ። ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም። አራት ይሆናል።

ስመለስ ሚስተር ፊሊፕ እያኘከ ነበር።

ባለሁበት ደረቅሁ። ጋሽ ደጀኔም ከጭፈራው መሃል አይተው ኖሮ ትከሻቸው ቆሟል። አዳራሹ ሙሉ እየዘፈነ እኛ ሁለታችን የአንድ ሰው ጉሮሮ እናያለን። ዋጠ። ከንፈሩን በሶፍት ጠረገ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ማነው ያጎረሰህ?" አልኩት።

"አንዲት አሮጊት" አለ። "ጥቁር የለበሱ። አይሆንም ልላቸው ነበር፤ አገጬን ያዙኝና ዝም ብለው አዩኝ። እንደዚያ ሆኖ ያየኝ ሰው የለም። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ።"

ሴትየዋ የሉም። በሩ ጋ የቆሙት ልጆች ሲወጡ አላየንም አሉ። እትዬ አልማዝን ስጠይቃቸው፣ "አዎ አይቻቸዋለሁ፣ ቀላ ያሉ ናቸው፤ የነሱ ወገን መስለውኝ" አሉ። የኮሊን የአጎት ልጆች ደግሞ ነጠላ የሚመስል ነገር ስለለበሱና በእጃቸው ስላጎረሱ የናንተ ናቸው ብለን ነው አሉ። ቪዲዮ አንሺው ያን ሰዓት ጭፈራውን ሲያነሣ ነበር። ሰርግ ላይ ሳይጠራ የሚበላ ሞልቷል፤ ሳይጠራ የሚያበላ ግን ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። አባባ በየነ ነገሩን ሲሰሙ ብዙ አላወሩም። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል" ብለው ወደ ሙሽሮቹ ዞሩ።

ጋሽ ደጀኔ ግን በምሳሌ የሚጽናኑ ሰው አይደሉም። ሚስተር ፊሊፕን ብቻውን አንሰድም ብለው ሦስታችንም በቫኗ ኦበርን ድረስ ሸኘነው። በየመውጫው፣ "ደህና ነህ?" እንለዋለን። ደህና ነኝ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደጀኔ ደወሉለት፤ ደህና ነው። በሳምንቱ እኔ ደወልኩ። ደህና ነው። ከዚያ ተራ አወጣን፤ በየቅዳሜው አንዳችን መሞት አለመሞቱን ለማጣራት እንደውላለን። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ጋሽ ደጀኔ በዚያች በሱቅ እንግሊዝኛቸው አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያወሩታል። ኮሊን አንድ ቀን፣ "አባቴ፣ ሐበሻ አማቱን እንዴት ይወዳል ይላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት አደርክ ያለኝ አልነበረም ይላል" ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ምን ልበለው? የምንደውልልህ ሞትህን ስንጠብቅ ነው ልበለው? ቢሆንም እንዲህ እያልን አምስት ዓመት ሞላን። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቅዳሜ ላይ ፍርሃቱ አለቀና ሰውየው ቀረልን።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት። እሑድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ፤ ሚስተር ፊሊፕ ነው። ድምፁ ልክ አይደለም።

"ደህና ነህ?" አለኝ። "ጋሽ ደጀኔስ? ሽማግሌውስ?" አንድ በአንድ ቆጠረን።

"ሁላችንም ደህና ነን" አልኩት። "ምነው?"

"ሳትደውል ስትቀር" አለ፣ "ያ ነገር ከኔ ወደናንተ የዞረ መሰለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።"

ሳቅሁበት። እንዲህ ያለ ነገር ይታመናል እንዴ፣ ሰው እኮ ሥራ ይበዛበታል አልኩት። እሱም አፍሮ ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ጋሽ ደጀኔ ጋ ደወልኩ፤ እንዲያው እንዴት አደሩ ለማለት ያህል።